የሚያድነን የእምነት መግለጫው ነው ወይስ መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ?

(በሬዲዮ የቀረበ ስብከት፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተዘጋጀ)



ሰሞኑን ከለገጣፎ አንዲት እህት መልእክት ላከችልኝ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። በሰፈሯ ባለች ቤተ ክርስቲያን አባል ለመሆን ስትጠይቅ ቅጽ ሰጧት። ከቅጹ ጋር የቤተ ክርስቲያኒቱ የእምነት መግለጫ ተያይዟል፤ አንብባ "እቀበላለሁ" ብላ እንድትፈርም ነው። ባለቤቷ ደግሞ በጎረቤት ቤት የሚደረግ ጸሎት ላይ መገኘት ጀምሯል። የዚያ ቤት መሪ "ሰው በጻፈው ወረቀት ላይ የፈረመ ድነቱን ሸጧል፤ እኛ የምናምነው መጽሐፍ ቅዱስን ብቻ ነው" ይላል። ነገሩ ከረረ፤ አሁን ባልና ሚስት በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ አብረው መጸለይ ትተዋል። እህቴ የጠየቀችኝ እንዲህ ብላ ነው፦ "ፓስተር፣ ብፈርም እጠፋለሁ? ባልፈርምስ አልድንም?"

ወገኔ፣ ይሄ የአንድ ቤት ጥያቄ ብቻ እንዳይመስልህ። በሰበታም፣ በቡራዩም፣ በሱሉልታም ያው ነው። አዲስ ሰፈር ሲመሠረት ሰው ከየአቅጣጫው ይመጣል፤ አንዱ ከመካነ ኢየሱስ፣ አንዱ ከቃለ ሕይወት፣ አንዱ ከሙሉ ወንጌል፣ አንዱ ከኦርቶዶክስ ቤት። በአንድ ቆርቆሮ አዳራሽ ሲገናኙ "ምንድን ነው የምናምነው?" የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም።

ፈርሞ የዳነ የለም

በፊልጵስዩስ ያለው የወኅኒ ጠባቂ እየተንቀጠቀጠ ለመዳን ምን ላድርግ ብሎ ሲጠይቅ (ሐዋ. 16፥30-31) ጳውሎስና ሲላስ የሰጡት መልስ አንድ ስም ነበር፤ በጌታ በኢየሱስ እመን። በመስቀል ላይ ያለው ወንበዴ የአባልነት ቅጽ አልሞላም፤ ለመማር እንኳ ጊዜ አልነበረውም። ያዕቆብ ደግሞ (2፥19) አጋንንትም እግዚአብሔር አንድ መሆኑን እንደሚያምኑ ይነግረናል። ትምህርቱን በትክክል ማወቅ ብቻውን ቢያድን ኖሮ እነሱም በዳኑ ነበር።

እኔ ራሴ በዚህ ነገር በድያለሁ። ከመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ እንደተመረቅሁ የጥምቀት ትምህርት እንዳስተምር ተመደብሁ። ከተማሪዎቼ መካከል ፊደል ያልቆጠሩ አንዲት እናት ነበሩ። ስለ ኢየሱስ መጀመሪያ የሰሙት በ1955 ዓ.ም. ሥርጭት በጀመረው በብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ነው፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን የመጡት ግን ልጆቻቸውን አሳድገው ከጨረሱ በኋላ ነው። በፈተናው ቀን "እማማ፣ ሥላሴ ማለት ምን ማለት ነው?" አልኋቸው። ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም "ልጄ፣ እሱን እናንተ የተማራችሁት ታውቁታላችሁ። እኔ የማውቀው አብ ልጁን እንደሰጠኝ፣ ልጁ እንደሞተልኝና እንደተነሣልኝ፣ መንፈሱም ሌሊት ሌሊት እየቀሰቀሰ እንደሚያጸልየኝ ነው" አሉኝ። እኔም በቃላቸው አልያዙትም ብዬ ለሚቀጥለው ዙር አስተላለፍኋቸው።

ማታ ቤቴ ገብቼ ለራት ስቀመጥ ነው የበራልኝ። እኚህ እናት እኮ መልሰውልኛል! አብንም፣ ወልድንም፣ መንፈስ ቅዱስንም በሕይወታቸው ያውቋቸዋል። በወረቀቱ ቃል አልተናገሩም እንጂ በወረቀቱ ያለውን እምነት ተናግረውታል። በማግሥቱ ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

"መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ" የሚለው ሁሉ

"እንግዲያው መግለጫው ምን ይሠራል? መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ይበቃናል" ትሉኝ ይሆናል። አሜን፣ ለመዳን የሚያስፈልገን እውነት ሁሉ በቃሉ ውስጥ አለ፤ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ የጻፈለትም ይህንኑ ነው (2ጢሞ. 3፥15)። ነገር ግን ቃሉን በእጅ መያዝና ቃሉን መረዳት ይለያያል። ያ ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ በሠረገላው ላይ የኢሳይያስን መጽሐፍ እያነበበ ነበር። ፊልጶስ ታስተውለዋለህን ሲለው፣ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት እችላለሁ ብሎ ነው የመለሰው (ሐዋ. 8፥30-31)። ፊልጶስም ሌላ መጽሐፍ አላመጣም፤ ከዚያው ከተከፈተው ስፍራ ተነሥቶ ኢየሱስን አሳየው።

ሰይጣንም በምድረ በዳ ጌታን ሲፈትን መዝሙር 91ን ጠቅሶ ነው። አርዮስም ወልድ ፍጡር ነው ብሎ ሲያስተምር ምሳሌ 8፥22ን ይዞ ነበር። ጥቅስ አላጣም፤ ያጣው የመጽሐፉን ሙሉ ምስክርነት ነው። ጌታችንም በዮሐንስ 5፥39-40 መጻሕፍትን እየመረመሩ ሕይወት ወደሚሰጠው ወደ እርሱ መምጣት ያልወደዱ ሰዎችን ወቅሷል። አያችሁ? መጽሐፉን ይዞ ባለቤቱን ማጣትም አለ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። "እኛ መግለጫ የለንም" የሚል ሰው ተቀምጦ ማስተማር በጀመረ ደቂቃ መግለጫ አለው። ልዩነቱ አለመጻፉ ነው። የተጻፈውን እንደ ቤርያ ሰዎች (ሐዋ. 17፥11) ከቃሉ ጋር አስተያይተህ "ይሄ ልክ ነው፣ ይሄ ልክ አይደለም" ትላለህ። ያልተጻፈው ግን ዛሬ እንዲህ፣ ነገ እንዲያ ይሆናል፤ መጨረሻው "መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ" መሆኑ ቀርቶ "እኔ ብቻ" ይሆናል።

አባቶች ዋጋ የከፈሉበት እውነት

እኛ ጴንጤዎች "ጸሎተ ሃይማኖት" ሲባል የኦርቶዶክስና የመካነ ኢየሱስ ነገር አድርገን እናልፈዋለን። ታሪኩ ግን የእኛም ነው። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ለአርዮስ የመለሱት ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ ነው ብለው ነው። ይህን እምነት አጥብቆ የያዘው የእስክንድርያው አትናቴዎስ፣ በእኛ አገር አባ ሰላማ የምንለውን ፍሬምናጦስን ለአክሱም ጳጳስ አድርጎ ሾመው። በኋላ የአርዮሳውያን ደጋፊ የነበረው ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢዮስ ለአክሱም ገዢዎች ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ፤ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተልኮ በአዲሱ ጳጳስ በጊዮርጊስ እንዲመረመር ነበር ጥያቄው። ደብዳቤውን አትናቴዎስ በጽሑፉ ውስጥ አስቀርቶልናል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግን በኒቅያ እምነት ጸናች።

ለምን ይህን ያህል? ለቃላት ፍቅር አልነበረም። የሞተልኝ ፍጡር ከሆነ ሊያድነኝ አይችልም። ጉዳዩ የድነት ጉዳይ ነበር። መግለጫው አያድንም፤ የሚያድነውን ጌታ ሌላ አድርገው ሲያቀርቡብን ግን "ይሄ እርሱ አይደለም" ብሎ ይጮኻል።

ቧንቧውና ውኃው

የለገጣፎ ሰዎች ለገዳዲን ታውቁታላችሁ። የአዲስ አበባ ሰው ከዚያ የመጣውን ውኃ ይጠጣል። ቧንቧው ውኃ አያፈልቅም፤ ጥማት የቆረጠለት ሰውም ቧንቧውን አያመሰግንም። ግን ቧንቧው ሲሰበር ምን እንደሚገባበት እናውቃለን። ምንጩ ክርስቶስ ነው። የምስክርነቱ የመጨረሻ ሥልጣን ያለው ቃሉ ነው። የእምነት መግለጫ ከቃሉ በታች ሆኖ ያገለግላል፤ ከቃሉ ካፈነገጠ ይታረማል።

እህቴ ሆይ፣ መልሴ ይኸው። መፈረምሽ አያድንሽም፤ መፈረምሽም አያጠፋሽም። መግለጫውን ከመጽሐፍ ቅዱስሽ ጋር ጎን ለጎን አድርገሽ አንብቢው። ያልገባሽን ሽማግሌዎቹን ጠይቂ፤ ከቃሉ ጋር ከተስማማ በንጹሕ ልብ ፈርሚ። ከሁሉ በፊት ግን ዛሬ ማታ ባለቤትሽን "ና፣ የዮሐንስን ወንጌል አብረን እናንብብ" በዪው። ስለ ቅጹ ክርክር አትጀምሪ። "ኢየሱስ ማን ነው?" ብላችሁ አብራችሁ ጠይቁ። እሱም መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ብሏልና እምቢ የሚልበት ምክንያት የለውም።

አንተስ፣ ይህን የምታነበው ወገኔ? ለዓመታት በመዝገብ ላይ ስምህ አለ፤ አንቀጾቹን በቃልህ ታውቃለህ። በእርሱ ላይ ታምነሃል ወይ? ሮሜ 10፥9 ሁለቱንም አንድ ላይ ያስቀምጣል፤ በአፍ መመስከርና በልብ ማመን። አፍህ ቀድሞ ከሆነ ዛሬ ልብህ ይከተል።

እንጸልይ። ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ በወረቀትም በእውቀቴም አልታመንም፤ በሞትህና በትንሣኤህ እታመናለሁ። ቃልህን አብራልኝ። ከሐሰት ትምህርት ጠብቀኝ። በሃይማኖት ክርክር የተለያዩ ቤቶችን በአንተ ፊት አንድ ላይ አንበርክክ። አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ!