ዝናብ ሲመጣ የሚከፈተው ቤት

(በፋኩልቲው የክረምት መግቢያ የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ)



በቅድሚያ ይህን ዶፍ ተቋቁማችሁ፣ ጭቃውን ረግጣችሁ እዚህ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። የዛሬው ንግግሬ ርእስ «በአዲስ አበባ በዝናብ ቀን ከጣራ በታች ምን ይሠራል?» የሚል መሆኑን የሰሙ አንዳንድ ባልደረቦቼ ፈገግ ብለዋል። ጉዳዩ ለቅዳሜ የሬዲዮ ፕሮግራም እንጂ ለዚህ መድረክ የሚመጥን አልመሰላቸውም። አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ጥያቄው ከላይ ሲታይ የጊዜ ማሳለፊያ ጥያቄ ቢመስልም፣ ከሥሩ ሌላ ጥያቄ እንዳለበት ለማሳየት እሞክራለሁ፤ ዝናብ ሲዘንብ ገንዘብ የሌለው ሰው በዚህች ከተማ ውስጥ የት ይቀመጣል?

አስቀድሞ ስለ ዝናቡ ጥቂት ልበል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ከዚህም ውስጥ ወደ ግማሽ የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ይወርዳል። የክረምቱን ጠባይ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጠዋት ፀሐይ ፈገግ ትላለች፤ ወደ እኩለ ቀን እንጦጦ ይጠቁራል፤ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይገለበጣል። በበጋ የከተማችን ሳሎን መንገዱ ነው። የምንገናኘው፣ የምንነግደው፣ የምንጨዋወተው፣ ሥራ የምንፈልገው ቆመን፣ ደጅ ላይ ነው። ክረምት ይህን ሳሎን ይነጥቀንና «በሉ እንግዲህ ቤት ግቡ» ይለናል። የትኛው ቤት?

እኔ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ መምህር ነኝና ከቃሉ ልጀምር። አማርኛ ጣራ ያለውን ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል «ቤት» ብሎ ይጠራል። ትምህርት ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ መዘክር፣ ቴአትር ቤት፣ ፊልም ቤት፣ ሻይ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ ጫት ቤት፣ ፑል ቤት እንላለን። የቅርብ ጊዜውን ደግሞ ወጣቶቹ «ቤቲንግ ቤት» ይሉታል። ስማቸው አንድ ቢሆንም ደጃፋቸው አንድ አይደለም። ሦስት ዓይነት ደጃፍ አለ። አንደኛው ሒሳብ ካልከፈልህ የማትቀመጥበት ነው። ሁለተኛው በሩ ላይ ትኬት ቆርጠህ የምትገባበት ነው። ሦስተኛው ማንነትህንም ኪስህንም ሳይጠይቅ «ግባ» የሚልህ ነው። የአንድ ከተማ ደግነት የሚለካው በሦስተኛው ዓይነት ቤት ብዛት ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደዚህ እምነት ያደረሰኝ መጽሐፍ አይደለም። በ1985 ዓ.ም. ክረምት ሁለተኛ ዓመት የጨረስሁ ተማሪ ነበርሁ። አገር ቤት ለመሄድ የትራንስፖርት ገንዘብ ስላልነበረኝ፣ ከአንድ አብሮ አደጌ ጋር በከተማው ዳር አንዲት ክፍል ተከራየን። ክፍሊቱ ኮርኒስ አልነበራትም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መነጋገር አይቻልም ነበር፤ ማንበብማ አይነሣ። ውሃው በሁለት ቦታ ያፈስስ ስለነበር አልጋዋን ወዲያና ወዲህ እናንቀሳቅሳት ነበር። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ሲደርስ ወጥተን መጠለያ እንፈልግ ነበር።

መጀመሪያ የሞከርነው ሻይ ቤት ነበር። አንድ ሻይ ለሁለት አዝዘን፣ ብርጭቆው ከቀዘቀዘ በኋላም ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ባለቤትዋ ደግ ሴት ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ግን ቀረብ ብለው «ልጆቼ፣ እኔም የቤት ኪራይ አለብኝ» አሉን። እውነታቸውን ነበር። ዛሬም ድረስ አልተቀየምኋቸውም።

ከዚያ ወዲያ እኔ ወደ አንድ የማንበቢያ አዳራሽ ሄድሁ። ዘበኛው መታወቂያዬን አየ፤ የዓመቱ ማኅተም አልነበረውም። ራሴን አየ፤ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር። «ግባ፤ መጽሐፉን እንዳታረጥበው» አለኝ። ያን ክረምት ከመስኮቱ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ሆኜ አሳለፍሁ። የዛሬ ሙያዬ የተወለደው እዚያ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ጓደኛዬም በነጋታው ተከትሎኝ መጣ። የዚያን ቀን ግን ሌላ ዘበኛ ተረኛ ነበር፤ ማኅተም የሌለውን መታወቂያ አልቀበልም አለው። ወደ ክፍላችን ሲመለስ ዝናቡ ጠነከረበትና በመንገዱ ላይ ወደነበረ ጫት ቤት ገባ። እዚያ ምንጣፍ አለ፤ ሙቀት አለ፤ ጨዋታ አለ፤ ጠዋት የገባ ሰው እስከ ማታ ቢቀመጥ ተነሣ የሚለው የለም። መጀመሪያ ቀን የከፈለለት ሰው ነበር። በኋላ ግን ራሱ መክፈል ጀመረ።

ጓደኛዬ ትምህርቱን አልጨረሰም። ዛሬ ልጆቹን በላቡ ያሳደገ፣ የተከበረ ሰው ነው፤ ይህንንም ታሪክ እንድናገር ፈቅዶልኛል። ሕይወቱ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተወሰነ ልላችሁ አልፈልግም፤ የሰው ሕይወት እንዲያ ቀላል አይደለም። ከእኔ ይልቅ እርሱ ንቁ ተማሪ እንደነበር ግን እመሰክራለሁ። በእኔና በእርሱ መካከል የነበረው ልዩነት የብርታት ልዩነት አልነበረም። ለእኔ የተከፈተው በር ለእርሱ ተዘጋ፤ ያልተዘጋበት ደግሞ ያኛው ቤት ነበር። «ወጣቱ በየጫት ቤቱና በየቤቲንግ ቤቱ ጊዜውን ያባክናል» የሚል ወቀሳ በሰማሁ ቁጥር በዝናብ ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሌላ የትኛው ቤት ክፍት ነበር ብዬ እጠይቃለሁ።

አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ሬይ ኦልደንበርግ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ከመኖሪያና ከሥራ ቦታ ውጭ ሰዎች የሚገናኙበትን «ሦስተኛ ቦታ» ብለው ሰይመውታል። ከምሳሌዎቻቸው መካከል ቡና መጠጫዎች፣ መሸታ ቤቶችና ፀጉር አስተካካዮች ይገኛሉ። አሳቡ ጠቃሚ ነው። በእኛ ከተማ ግን አንድ ማኪያቶ ለብዙ ተማሪ የምሳ ዋጋ የሚሻማ ወጪ ነው። ስለዚህ ለእኛ ጥያቄው መሰብሰቢያ አለን ወይ ብቻ ሳይሆን፣ ኪሱ ባዶ የሆነው ሰው ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ሊሆን ይችላል ወይ የሚልም መሆን አለበት።

አሁን ወደ ርእሴ ልመለስና ያሉንን ቤቶች ልቁጠር፤ የለም እያልን ብቻ ማዘን ተገቢ አይደለምና።

አራት ኪሎ ላይ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በአንድ ጊዜ ከ2,000 በላይ አንባቢዎችን እንዲያስተናግድ ታስቦ የተሠራ ነው። ከእርሱ በፊት፣ በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተውና ትውልድ ሁሉ «ወመዘክር» እያለ የሚጠራው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አለ። ለተማሪዎቼ የምመክረው ለፈተና ብቻ እንዳትገቡበት ነው። በዝናብ ቀን የመማሪያ ደብተራችሁን ቤት ትታችሁ ሂዱ። እናታችሁ ወይም አባታችሁ የተወለዱበትን ዓመት ጋዜጣ ጠይቁ። ያን ጊዜ ምን ይነገድ፣ ምን ይታወጅ፣ ስለ ምን ይለቀስ እንደነበር አንብቡ። ማታ ቤት ስትገቡ ለወላጆቻችሁ የምትጠይቁት ነገር ይኖራችኋል።

ከአምስት ኪሎ ወረድ ሲባል ብሔራዊ ሙዚየም አለ። የመግቢያው ክፍያ መጠነኛ ነው። ብዙዎቻችን የሄድነው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን፣ ተሰልፈን፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሁሉንም ለማየት እየተጣደፍን ነው። በዝናብ ቀን ግን የሚያጣድፍ ነገር የለም። ወደ ድንቅነሽ ውረዱና ለአንድ ሰዓት ያህል ከእርስዋ ጋር ብቻ ሁኑ። በኅዳር 1967 ዓ.ም. በአፋር፣ ሐዳር በተባለው ሥፍራ የተገኘችው ይህች ፍጡር ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ ተገኝቷል። ለዕይታ የቀረበው ቅጂው ነው፤ ዋናው አጽም በጥንቃቄ ይጠበቃል። ቁመቷ አንድ ሜትር ከአሥር ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። መጀመሪያ የዳሌዋንና የጉልበቷን አጥንት ተመልከቱ፤ በሁለት እግሯ ቆማ ትሄድ እንደነበር የሚመሰክሩት እነዚህ ናቸው። ቀጥሎ እጆቿን ተመልከቱ፤ ከእግሮቿ አንጻር ረዘም ያሉ ናቸው። በአንድ አካል ላይ ሁለት ዘመን ይነበባል። ይህን በመጽሐፍ ማንበብና ራስ አጎንብሶ ማየት አንድ አይደሉም።

ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ይገኛል። የባህል ስብስቡ የተደራጀው በክልል ወይም በብሔረሰብ ሳይሆን በሰው ልጅ የሕይወት ጉዞ ነው። ከልደትና ከልጅነት ይነሣል፣ በጎልማሳነት ያልፋል፣ በሞት ይጠናቀቃል። አንዱ ሕዝብ ልጁን የሚያዝልበት ከሌላው ሕዝብ ማዘያ ጎን ተቀምጧል። በዚያው ሕንፃ የንጉሠ ነገሥቱ የመኝታ ክፍል እንዳለ ተጠብቆ ይታያል። ያ ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ተሰጥቶ በ1954 ዓ.ም. የተማሪ ቤት መሆኑ ለዛሬው ንግግሬ ትልቅ ማስረጃ ነው። ተዘግቶ የነበረ ቤት ሊከፈት ይችላል ማለት ነው።

ቴአትርንም አልዘነጋም። ሀገር ፍቅር ከ1927 ዓ.ም.፣ ብሔራዊ ቴአትር ደግሞ ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ ሕዝብን ከአንድ ጣራ ሥር ሰብስበዋል። በስልካችን የምናየውን ቀልድ ብቻችንን እንስቅበታለን። በአዳራሽ ውስጥ ግን የማናውቀው ሰው ሳቅ የእኛን ሳቅ ይቀሰቅሰዋል። ዝናብ ያስጠለለው ሕዝብ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል አንድ ሕዝብ ይሆናል።

የመጨረሻው ቤት የገዛ ቤታችን ነው። እናቶቻችን የክረምቱን ከሰዓት በኋላ የሚያሳልፉበት ጥበብ ነበራቸው። ከሰል ይያያዛል፣ ቡና ይቆላል፣ ጎረቤት ይጠራል። ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ አንድ ዶፍ የሚያባራበትን ያህል ነው። ልጆች በጥግ ገበጣ ይጫወታሉ። ዛሬ በኮንዶሚኒየም አንድ ደረጃ እየወጣንና እየወረድን ስማችንን የማንተዋወቅ ጎረቤታሞች ሆነናል። ተማሪዎቼ፣ አንድ ዝናባማ ቀን የጎረቤታችሁን በር አንኳኩና «ቡና አፍልተናል» በሉ። ወጪው ትንሽ ነው፤ ለጠሪውም ለተጠሪውም ግን ሦስተኛው ዓይነት ቤት ይከፈታል።

ባልደረቦቼ ሆይ፣ የቀረውን ደግሞ ለእናንተ ነው የምለው። ስለ ከተማው ቤቶች ተናግሬ ስለ ራሳችን ቤት ዝም ብል አድርባይ እሆናለሁ። ሰኔ ሲያልቅ እኛ ምን እናደርጋለን? የመማሪያ ክፍሎቻችንን ቆልፈን ቁልፉን እናስረክባለን። ከተማው የጣራ ያለህ በሚልበት በዚያው ወቅት የእኛ ጣራዎች ባዶ ናቸው። አገር ቤት መሄድ ያልቻለው ተማሪ ግን እዚሁ አለ፤ ምናልባትም አሁን በዚህ አዳራሽ ተቀምጦ ይሰማኛል።

ተቃውሞውን አውቀዋለሁ። ዕቃ ይጠፋል፣ የጥበቃ ሠራተኛ ያስፈልጋል፣ በጀት የለም ይባላል። እነዚህ እውነተኛ ችግሮች ናቸው፤ ቀልድ አላደርጋቸውም። ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። የትምህርት ክፍላችን ማንበቢያ ክፍል 30 ወንበሮች አሉት። ከሐምሌ 1 ጀምሮ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እኔ ራሴ እከፍተዋለሁ፤ እኔው እቀመጣለሁ፤ እኔው እዘጋዋለሁ። መታወቂያ አልጠይቅም። ሦስት መምህራን አንድ አንድ ቀን ቢጨምሩልኝ ክፍሉ ሳምንቱን በሙሉ ክፍት ይሆናል። ዕቃ ከጠፋ መጀመሪያ የምጠየቀው እኔ ልሁን።

በባህላችን አዲስ ቤት ለሠራ ሰው «ቤት ለእምቦሳ» እንለዋለን፤ እርሱም «እምቦሳ እሰሩ» ብሎ ይመልሳል። ቤቱ የሚመረቀው ግድግዳው ስላማረ ሳይሆን ሕይወት እንዲገባበት ነው። ከ30 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ስሙን እንኳ ያላወቅሁትን ያን ዘበኛ የማስታውሰው ስለዚህ ነው። ሕግ አጥፎልኝ ይሆናል፤ ቤቱን ግን ቤት አድርጎታል።

ንግግሬ እዚህ ላይ ያበቃል። እንደምትሰሙት ውጭ ገና አላባራም። ስለዚህ የአዳራሹን ኃላፊ አስቀድሜ ለምኛቸዋለሁ፤ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ በሩ አይዘጋም። ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ፤ ጥያቄ የሌላችሁም ተቀመጡ።