ሰዓትና ተጠባባቂ መሥመር በማይክሮዌቭ ኤተርኔት



በማይክሮዌቭ የሚሠራ የኤተርኔት መሥመር ሲተከል የመሐንዲሱ ሐሳብ በአብዛኛው የሚያርፈው በመረጃው መንገድ ላይ ነው። ዋናው ሬዲዮ ቢበላሽ ተጠባባቂው ይተካዋል፤ አንዱ አቅጣጫ ቢቋረጥ መረጃው በሌላው ይዞራል። በዚያው መሥመር ስለሚጓዘው ሰዓት ግን ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ችግር ከደረሰ በኋላ ነው። ይሁንና ሰፊ አካባቢ የሚሸፍን የሞባይል ስልክ ጣቢያ ፍሪኩዌንሲው ከትክክለኛው ልክ ከቢሊዮን 50 እጅ በላይ እንዲርቅ አይፈቀድለትም።

ሀ፣ ለ እና ሐ የሚባሉ ሦስት ጣቢያዎች በቀለበት ተያይዘው ዋናው ሰዓት በሀ ዘንድ ይሁን። ለ ሰዓቱን ከሀ ይወስዳል፤ የሐ አንደኛ ምርጫ ለ፣ ሁለተኛው ሀ ነው። በሀና በለ መካከል ያለው መገናኛ ሲቋረጥ ለ ፊቱን ወደ ተጠባባቂው ወደ ሐ ያዞራል። ሐ ግን ሰዓቱን የሚወስደው ከራሱ ከለ ነው! ዕውር ዕውርን ይመራል ማለት ይኸው ነው። መረጃው ሳይታወክ ያልፋል፤ የማስጠንቀቂያ መብራት አይበራም፤ ሁለቱ ጣቢያዎች ግን እየተደጋገፉ ከእውነተኛው ልክ ቀስ በቀስ ይርቃሉ። ደንበኛው ነገሩን የሚያውቀው ከአንዱ ጣቢያ ክልል ወደ ሌላው ሲሻገር ንግግሩ ሲቋረጥበት ነው።

መድኃኒቱ በሲንክሮነስ ኤተርኔት ውስጥ የሚተላለፈው የጥራት መልእክት ነው። ሐ ሰዓቱን ወደ ወሰደበት አቅጣጫ «አትጠቀሙበት» የሚል ምልክት ይልካል። ስለዚህ ለ ከሐ አይቀበልም፤ በውስጥ ሰዓቱ ለጊዜው ራሱን ይዞ ይቆያል፤ ጥራቱ መውረዱንም ለሐ ያስታውቃል። ያን ጊዜ ሐ ወደ ሀ ይዞራል፤ ጤናማውም ሰዓት በሌላው በኩል ዞሮ ለ ዘንድ ይደርሳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው መልእክቱ በሁለቱም ጫፍ ከተከፈተ ነው። የምርጫ ቅደም ተከተል ብቻ ሰጥቶ መሄድ ሥራውን በግማሽ መተው ነው።

ዋናው መገናኛ ሲመለስም መቸኮል አያሻም። በዝናብ ምክንያት አንዴ የሚሄድ አንዴ የሚመጣ መሥመር ሰዓቱን ያንገላታል፤ በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ደንብም የተለመደው መቆያ 5 ደቂቃ ነው።

ተጠባባቂ የተባለው ምንጭ በእርግጥ የተለየ መሆን አለበት። ጃንዋሪ 26 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. አንዳንድ የጂ.ፒ.ኤስ. ሳተላይቶች 13 ማይክሮሰከንድ ያህል የሳተ የጊዜ ማስተካከያ ለሰዓታት አሰራጭተዋል። በአንድ ጣሪያ ላይ የተተከሉ ሁለት የጂ.ፒ.ኤስ. መቀበያዎች በዚያን ዕለት አንዱ ለሌላው መጠባበቂያ ሊሆኑ ባልቻሉም ነበር።

በርክክብ ጊዜ ኬብሉን ነቅሎ፣ መረጃው ማለፉን አይቶ መፈረም የተለመደ ነው። ኬብሉ እንደተነቀለ ለ ሰዓቱን ከማን እንደሚወስድ፣ ሐስ ከማን እንደሚወስድ በመሣሪያዎቹ ላይ መነበብ ያለበት ከፊርማው በፊት ነው።