ከዋጋው በፊት፦ የምንገዛው ሶላር ከሌላ ዕቃ ጋር ይገጥማል ወይ?

(በአባላት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



መብራት ላልደረሰላቸው የገጠር አባሎቻችን ከተዘዋዋሪ ብድሩ የቤት ሶላር እንግዛ የሚለውን ሐሳብ በተመለከተ ኮሚቴው የሒሳብ ማብራሪያ እንዳቀርብ አዞኛል። ሐሳቡን እደግፋለሁ። ግን ዋጋ ከማወዳደራችን በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፤ ዕቃው ከሌላ ድርጅት ዕቃ ጋር ይገጥማል ወይስ አይገጥምም?

ሐሙሲት ከተማ ውስጥ የምንኖር ሰዎች ይህ ጥያቄ ትዝ አይለንም። አምፖል ሲቃጠል ከየትኛውም ሱቅ ሌላ እንገዛለን፤ ቻይና ይሥራው ሕንድ፣ ጠምዘዝ ስናደርገው ይገባል፤ ይበራል። ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። የጥርሱ ስፋትና የመብራቱ ኃይል፣ በእኛ አገር 220 ቮልት፣ አስቀድሞ ስምምነት ስለተደረገበት ነው። እንዲህ ያለውን ስምምነት ስታንዳርድ ይሉታል። ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሐሙስ ገበያ ኪሎው ከሻጭ ሻጭ ቢለያይ ማን ጤፍ ገዝቶ ይገባ ነበር?

የባንክ ካርዱንም አስታውሱ። ባንኮቻችን በጋራ ያቋቋሙት ኢትስዊች እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የአንዱ ባንክ ካርድ ከሌላው ባንክ ማሽን ብር ያወጣል። ከዚያ በፊት ካርድ ይዞ የራስን ባንክ ማሽን ፍለጋ መዞር የተለመደ ነበር። ማሽኖቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ደንብ ሲገኝ የእኛ እግር ዐረፈ።

በሀብታም አገርም ይኸው ችግር አለ። እዚያ መብራቱ፣ የበር ቁልፉ፣ ካሜራው በስልክ የሚታዘዝ ሆኗል። ለዓመታት ግን የአንዱ ኩባንያ አምፖል የሌላውን ኩባንያ ትእዛዝ አይሰማም ነበር፤ አንድ ቤት ውስጥ አራት ዕቃ ያለው ሰው አራት መተግበሪያ ይጭናል። በመጨረሻ አፕል፣ ጉግል፣ አማዞንና ሳምሰንግ፣ በገበያ የሚፎካከሩት ማለት ነው፣ ከሌሎች ብዙ ኩባንያዎች ጋር ሆነው ማተር የተባለ የጋራ ስታንዳርድ አወጡ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2022 ይፋ ሆነ። በዚህ ስታንዳርድ የተሠራ ዕቃ ላይ የታተመውን ኪውአር ኮድ በስልክ ማንሳት፣ ወይም አጠገቡ ያለውን 11 አሃዝ ቁጥር ማስገባት ነው፤ ዕቃው ከቤቱ ኔትወርክ ጋር ይገናኛል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ስምምነቱን በሕግ አደረገው፤ ከእ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ጀምሮ እዚያ የሚሸጥ አዲስ የእጅ ስልክ ዩኤስቢ ሲ በሚባለው አንድ ዓይነት ቀዳዳ ቻርጅ መደረግ አለበት።

አሁን ወደ ሶላራችን እንምጣ። የቤት ሶላር ማለት ጣራ ላይ ፓኔል፣ ውስጥ ባትሪ ያለበት ሣጥን፣ ከሣጥኑ በገመድ የሚወጡ ሁለት ሦስት መብራቶች፣ የስልክ ቻርጅ፣ ከፍ ሲል ሬዲዮ ወይም ቴሌቪዥን ነው። በየጊዜው እየተከፈለ በሚሸጠው ዓይነት ደግሞ ሣጥኑ ቆልፎ ይቀመጣል። ገዢዋ በስልክ ገንዘብ ትልካለች፤ ኩባንያው የቁጥር ኮድ ይመልሳል፤ ኮዱን ሣጥኑ ላይ ስትጫን ለተከፈለበት ቀን ያህል ይሠራል። ኢንተርኔት በሌለበት መንደር ይህ ትልቅ ብልሃት ነው።

ችግሩ የሚመጣው አንድ ነገር ሲበላሽ ነው። ብዙ ኩባንያዎች የገመዱን ጫፍ በራሳቸው ልክ ይሠሩታል። መብራቷ የተሰበረባት እናት ከገበያ ሌላ ገዝታ ብትሰካ አይገባም። አንዳንዴም የባሰ አለ፤ ጫፉ ይገጥምና ቮልቱ ይለያል፣ ወይም ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ተገላብጦ ይገኛል፤ ዕቃው ይቃጠላል። ይህን ሳይ፣ ባይገባ ይሻላል እላለሁ።

ለኩባንያዎቹም ፍትሐዊ እንሁን። ዕቃውን በዱቤ ሰጥተው መያዣቸው ያ ቁልፍ ብቻ ነው። ፓኔላቸው ከማንም ባትሪ ጋር ቢገጥም፣ ከፋዩ ሁለት ወር ከፍሎ ሊተዋቸው ይችላል። እኔም አበዳሪ ማኅበር ሒሳብ ስለምይዝ ይገባኛል። ዕዳው ካለቀ በኋላ ግን ዕቃው የገዢዋ ነው፤ ያኔም ተቆልፎ የሚቀር ከሆነ ነገሩ መያዣ መሆኑ ቀርቶ ገበያ መዝጋት ሆነ።

ኩባንያው ቢዘጋስ? በምሥራቅ አፍሪካ በሺዎች ለሚቆጠሩ ቤቶች ሶላር የሸጠው ሞቢሶል የተባለ የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ለኪሳራ ተዳረገ። ደግነቱ በዚያው ዓመት ኤንጂ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ገዛው። ገዢ ባይገኝ ኮዱን ማን ይልክ ነበር? ለዚህ የታሰበ መፍትሔም አለ፤ ኦፕን ፔይጎ የሚባለው የኮድ አሠራር ለማንም ክፍት ሆኖ የተለቀቀ ነው። በእሱ የተሠራ ሣጥን፣ ቁልፉ ከተላለፈ፣ ሌላ ድርጅት ኮድ ሊያወጣለት ይችላል። ከአገልግሎት መስመር ውጪ የሚሠሩ የሶላር ኩባንያዎች ማኅበር የሆነው ጎግላም ገመዱና ኮዱ እንዲገጣጠሙ ኮኔክት የተባለ እንቅስቃሴ ጀምሯል።

አንድ ነገር እንዳይምታታ። ሻጮች «ዕቃችን ቬራሶል አልፏል» ይሉናል። ጥሩ ነው፤ ያላለፈ እንዳንገዛ እኔም እመክራለሁ። ቬራሶል ባትሪው የተባለውን ያህል ሰዓት መሥራቱን፣ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው እውነት መሆኑን፣ ዋስትና መኖሩን ይመረምራል። ከሌላ ድርጅት ዕቃ ጋር መግጠም ግን ለማለፍ ግዴታ አይደለም። ጥራትና መግጠም ሁለት ነገር ናቸው።

በብር እንየው። ዋጋዎቹ ለማስረዳት ያህል የያዝኳቸው ናቸው። የተዘጋው ዓይነት 12,000፣ የሚገጥመው 14,000 ብር ይሁን። በአራተኛው ዓመት ባትሪው ደከመ እንበል። የተዘጋው ሣጥኑ በሙሉ ይቀየራል፣ 7,000 ብር፤ ድምር 19,000። የሚገጥመው ባትሪው ብቻ ይቀየራል፣ 3,500 ብር፤ ድምር 17,500። በአንድ ቤት 1,500፣ በአርባ ቤት 60,000 ብር ነው። ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ብድሩ ነው። መብራቷ የጠፋባት እናት ለጠፋ መብራት ክፈይ ስትባል እጇ አይፈታም፤ እሷ ካልከፈለች ደግሞ ወረፋ የያዘችው እህት ብድር አታገኝም።

ስለዚህ ከሻጮቹ በጽሑፍ መልስ እንዲጠየቅ ለኮሚቴው አቅርቤያለሁ። የገመዱ ጫፍ ምን ዓይነት ነው፣ ቮልቱስ ሣጥኑ ላይ ተጽፏል? ባትሪው ብቻውን ይቀየራል? ዕዳው ሲያልቅ ሣጥኑ ለዘለቄታው የሚከፍት ኮድ ይሰጠናል? ድርጅቱ ቢዘጋ ኮዱ በማን እጅ ይሆናል? የስልክ ቻርጁ መደበኛ ዩኤስቢ ቢሆን ለእኔ ትልቅ ነጥብ ነው፤ ሁሉም ቤት ያ ገመድ አለና።

ከውጭ ለምትደግፉን ደግሞ አንድ ቃል። ከአሜሪካ የሚመጣ ዕቃ ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ ስፒናውም አይገባም። ስፒናውን በአስማሚ ብናገባው እንኳ 220 ቮልት ያቃጥለዋል። ከመላካችሁ በፊት ቻርጀሩ ላይ «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል መኖሩን እዩልን። ከሌለ ገንዘቡን ብትልኩልን እዚሁ የሚገጥመውን እንገዛለን።

ሦስቱ የናሙና ሣጥኖች ቢሮ አሉ። ሐሙስ ገበያ ስትወጡ ቤት ያለውን መብራት ወይም ሬዲዮ ከነገመዱ ይዛችሁ ጎራ በሉ፤ ቮልቱን አንብበን እንሞክረዋለን። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ አለሁ።