ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚፈስ ውሃ

ውድ ተመራቂዎች፤

ስለ ዲጂታል ሽግግርና አካባቢን ስለማይጎዳ ፈጠራ ተናገር ተብዬ ነው የመጣሁት። እኔ ግን የማውቀው የውሃ ቆጣሪ ነው።

በወጣትነቴ የሠራሁበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አንድ ቆጣሪ ነበረው፤ እሱም በር ላይ። በወር አንዴ ይነበባል፣ ደብተር ላይ ይጻፋል፣ ሒሳብ ክፍል ይከፍላል፤ አለቀ። ኋላ በየማቅለሚያ ማሽኑ ከኮምፒውተር ጋር የተያያዘ ቆጣሪ ተገጠመ። ገና በመጀመሪያው ሳምንት አንዱ ማሽን ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ሥራ ፈትቶ ቆሞ፣ ውሃ ሲጠጣ አየነው። ቫልቩ አይዘጋም። የማታ ፈረቃውን ሠራተኛ ብንጠይቀው «እኔማ ስንቴ ተናገርኩ!» አለን። እውነቱን ነው፤ በቃሉ ማን ይመነው?

ከዚያ ወዲያ ሰውየው ከኮምፒውተሩ ስክሪን አጠገብ አልጠፋም። «የመጨረሻው እጥበት ውሃ ንጹሕ ነው፤ ከምንደፋው ለሚቀጥለው ጨርቅ መጀመሪያ እጥበት ይሁነን» ያለውም እሱ ነው። አንድ ታንከር፣ አንድ ፓምፕ፣ ጥቂት ሜትር ቱቦ። ፈጠራው ይኸው ነበር።

በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀምበት ማጣሪያ የተሠራለት ያለ ምክንያት አይደለም። የሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ የገባበት እዚያው ይቀራል። እንዲህ ያለ ማጣሪያ ግን ብዙ ኃይል ይበላል። ማሽኑ ላይ ያልባከነች ሊትር እዚያ ደግሞ ኃይል ትቆጥባለች።

ኮምፒውተሩም ቢሆን ኤሌክትሪክ ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2016 ጉግል ዲፕማይንድ በተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያው ቴክኖሎጂ የመረጃ ማዕከሉን የማቀዝቀዣ ኤሌክትሪክ እስከ 40 በመቶ እንደቀነሰ ተናገረ። ማዕከላቱ ስለበዙ ግን ኩባንያው በጠቅላላ የሚፈጀው ኤሌክትሪክ ከዚያ ወዲህ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ጄቨንስ የተባለው እንግሊዛዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1865 ስለ ድንጋይ ከሰል ያለው ይህንኑ ነው፤ አጠቃቀሙ በተሻሻለ ቁጥር ፍጆታው ይጨምራል።

ስለዚህ ቴክኖሎጂው ብቻውን አይቆጥብም፤ ቁጥሩን አይቶ የሚነሳ ሰው ይፈልጋል። ከእናንተ መካከል ነገ እንዲህ ያለ ሲስተም የሚዘረጋ አይጠፋም። ስክሪኑን ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ስቀሉ ትባላላችሁ። ሥራ አስኪያጁ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኝቷል።

ወላጆቻችሁ ፀሐይ ላይ ቆይተዋል፤ ሂዱና ፎቶ ተነሱ።