ሁለት ደመወዝ፣ አንድ ግብር

(በኮሚኒቲያችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ በካርቲየ 6 በሱቅ ንግድ በተሰማሩ አባላችን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ስለ ንግድ እንድናገር ነበር የጠየቁኝ። እኔ ግን ወላጆች ደጋግመው ስለሚያነሱት ጉዳይ ብናገር ይሻላል ብዬ አስፈቀድኩ። ልጆቻችን አገር ቤት ተምረው፣ ተመርቀው፣ ድሬዳዋም ሆነ አዲስ አበባ ሁለት ሥራ የያዙ አሉ። ቀን ቢሮ፣ ማታ የግል ኮሌጅ ማስተማር። እኛም እዚህ ሆነን «ሁለት ደመወዝ እያለው ምነው እጁ አጠረ?» እንላለን። እኔ የተማርኩት እስከ 12ኛ ክፍል ነው፤ ሒሳብ ግን እንጀራዬ ነውና አብረን እናስላው።

ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት ከወር ደመወዝ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ቀድሞ 600 ብር ብቻ ነበር። ከዚያ በላይ ያለው በደረጃ ከ15 በመቶ ጀምሮ እያደገ ይሄድና ከ14,000 ብር በላይ ላለው 35 በመቶ ይደርሳል። ደረጃው ከፍ ሲል ሙሉ ደመወዙ በአዲሱ መጠን የሚቆረጥ የሚመስላቸው አሉ። አይደለም፤ ከፍ ያለው መጠን የሚያርፈው ከመስመሩ በላይ ባለው ብር ላይ ብቻ ነው።

አሁን አንድ ልጅ ቀን 12,000፣ ማታ 6,000 ብር ያገኛል እንበል። የቀኑ ቀጣሪ 2,250፣ የማታው 700 ብር ግብር ይቆርጣሉ። ድምሩ 2,950 ነው። ሕጉ ግን ሁለቱን ደመወዝ ደምሮ ነው የሚያየው። 18,000 ብር ላይ የሚደርሰው ግብር 4,250 ነው። ልዩነቱ በወር 1,300፣ በዓመት 15,600 ብር! ያ 2,000 ብር የተተወው ለሰውየው ነው እንጂ ለእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት አይደለም፤ ሁለቴ አይወሰድም። ቀጣሪዎቹ አንዱ የሌላውን ካላወቁ ልዩነቱ ሳይከፈል ይከማችና ዕዳ ይሆናል። ስለዚህ ልጁ ሁለተኛውን ሥራ ሲይዝ ለቀጣሪዎቹ ይንገር፣ ግብር ቢሮም ሄዶ ድምሩ በማን በኩል እንደሚከፈል ይጠይቅ።

ሌላው «ኮስት ሼሪንግ» የሚሉት የወጪ መጋራት ነው። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ አብዛኛው ልጅ ውል ፈርሟል። ሲቀጠር ቢያንስ ከደመወዙ 10 በመቶ ይቆረጥበታል። ከ12,000 ብር 1,200 መሆኑ ነው። በዚህ ላይ 7 በመቶ ጡረታ፣ 840 ብር። ግብሩን ጨምራችሁ ስትቀንሱ ከዚያ ሁሉ ደመወዝ እጁ የሚገባው 7,710 ብር ነው። የቤት ኪራይና ታክሲ ገና አልተነካም። በ12,000 ሒሳብ «ላክ» የምንል ወላጆች ይህን ብናውቅ መልካም ነው።

ኮስት ሼሪንግ ግን እንደ ግብር አይደለም። እንደ ዱቤ ደብተር መጠኑ ተጽፎ የተቀመጠ ነው። ሁለቱም ቀጣሪዎች ቢቆርጡ ቶሎ ያልቃል እንጂ ዕዳው አይበዛም። የሚያስቸግረው ተቆርጦ ገቢ ሳይደረግ ሲቀር ነውና በየወሩ የተቆረጠበትን የደመወዝ ወረቀት ይያዝ። በእኔ ቤት ደረሰኝ የሌለው ክፍያ እንዳልተከፈለ ነው የሚቆጠረው።

ተመርቆ እዚህ ጂቡቲ መጥቶ የተቀጠረው ልጅ ደግሞ ሌላ ነገር ይጠብቀዋል። የዚህ አገር ቀጣሪ የዚህን አገር የደመወዝ ግብርና የካይስ መዋጮ ይቆርጣል እንጂ የእኛን ኮስት ሼሪንግ አያውቅም። ማንም አይቆርጥለትም። እሱም ቀረልኝ ይላል፤ አልቀረም። ክፍያው ሳይጠናቀቅ ዋናውን ዲግሪ ማውጣት አይቻልም። ጊዜያዊውን ይዞ የመጣ ልጅ የተሻለ ሥራ አግኝቶ «ዋናውን አምጣ» የተባለ ዕለት ነው ሩጫው የሚጀመረው።

እንግዲህ እንደዚህ ያለ ልጅ ያላችሁ፣ አገር ቤት ለሚኖር ዘመድ ውክልና ሰጥቶ ከተማረበት ዩኒቨርሲቲ የቀረውን ዕዳ በጽሑፍ እንዲያወጣ አድርጉ። ከዚያ በፍራንክ ስንት እንደሚሆንና በስንት ወር እንደሚያልቅ ማስላቱ ቀላል ነው። ከምሳ በኋላ እዚሁ ጥግ ካልኩሌተሬን ይዤ እቀመጣለሁ፤ የደመወዝ ወረቀት የያዘ ይምጣ።