ርቀቱ አንድ፣ ጊዜው ሁለት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናገር የተነሣሁት ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ስላለው የአየር መንገድ ርቀትና ጊዜ ነው። ይህንንም አርእስት የመረጥሁት ዐዋቂ ነኝ ብዬ ሳይሆን ተሳስቼበት ስለ ተማርሁ ነው።

ባለፈው ዓመት ታላቅ እኅቴ ወደ ዋሽንግተን ስትሄድ እናቴ «መቼ ትደርሳለች?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ትምህርቴን ለማሳየት እርሳሴን አነሣሁ። በቦሌና በዋሽንግተኑ በዳለስ አይሮፕላን ማረፊያ መካከል ያለው አጭሩ መንገድ 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ትልቅ አይሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። አካፈልሁና «13 ሰዓት አይሞላም» አልኋት። እኅቴ የተነሣችው ከምሽቱ 4 ሰዓት ነበረና እናቴ በማግስቱ ከረፋዱ 5 ሰዓት ጀምሮ ስልኩን ታቅፋ ተቀመጠች። 6 ሰዓት ሆነ፤ 8 ሰዓት ሆነ፤ ምሳ አልቀመሰችም። ስልኩ የጮኸው በ10 ሰዓት ነው። እኅቴ «በደኅና ገብቻለሁ፤ እዚህ ገና ጧት ነው» አለች። እናቴ አለቀሰች፤ እኔም አፈርሁ።

እንግዲህ ስሕተቴ ከምን ላይ ነበር? ማካፈሉ ልክ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ነገሮች ጐድለውበታል።

መጀመሪያ፣ ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ክንፉን የሚደግፈው፣ ሞተሩም የሚስበው አየር ያንሳል። ስለዚህ አይሮፕላኑ መንገደኛውን ሁሉ ጭኖ፣ ለረጅሙ መንገድ የሚበቃውንም ነዳጅ ሞልቶ ለመነሣት ይቸግረዋል። ከዚህም የተነሣ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው ብዙ ጊዜ እንደ ደብሊን ባለ ከተማ አርፎ ነዳጅ ይጨምራል። ዳለስ ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳ ስለማይሞላ የሚመለሰው በቀጥታ ይመጣል።

ሁለተኛው ነፋስ ነው። ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ሰሜናዊ ክፍል በላይ፣ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ብርቱ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ለምሳሌ በመንገዱ ሁሉ የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ወደ እኛ የሚመጣው በ960 እየሄደ በ12 ሰዓት ሲደርስ፣ ወደዚያ የሚሄደው ግን በ840 እየታገለ 13 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ይፈጅበታል። «ምድር ስለምትዞር ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉ፤ ዳሩ ግን አየሩም ከምድር ጋር አብሮ ይዞራልና አይሮፕላኑን የሚያዘገየው ነፋሱ ነው።

ስለዚህ ሲመጡ 13 ሰዓት ያህል የሚፈጀው መንገድ፣ ሲሄዱ ከነማረፊያው 16 ወይም 17 ሰዓት ይፈጃል።

ውድ ጓደኞቼ፤ በዚህ ዓመት ከዚህ ግቢ እንወጣለን። ከመካከላችንም ሩቅ አገር የሚሄድ አይጠፋም። በቤት የሚቀሩት ወገኖቻችን ማወቅ የሚፈልጉት የኪሎ ሜትሩን ብዛት ሳይሆን ድምፃችንን የሚሰሙበትን ሰዓት ነው። እናቴን ያን ቀን ያስጨነቃት የመንገዱ ርዝመት አልነበረም፤ የእኔ ችኰላ ነበር። እንግዲህ ሒሳባችንን ለሰው ከመንገራችን በፊት «የረሳሁት ነገር አለን?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ።

እኅቴ በሚመጣው ክረምት ለዕረፍት ትመጣለች። እናቴም እንደ ገና ጠይቃኛለች። አሁን ግን «እማዬ፣ 13 ሰዓት ያህል ነው፤ ሻንጣዋን እስክትቀበል ደግሞ አንድ ሰዓት ጨምሪ» ብያታለሁ።