ክሪክ ያነሳል እንጂ አይሸከምም

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አሮጌ የስፖርት መኪና ነው። ስትበር ስላላት ውበት ሳይሆን ቆማ፣ ከሥሯም ሰው ተንጋሎ ሳለ ስለሚያሰጋው ነገር ነው። አሮጌ መኪና የሚወድ ሰው በገዛ እጁ መጠገን ይወዳል። ዘይት ለመቀየር፣ ፍሬን ለማየት፣ የዛገ ብሎን ለመፍታት ከሥር መግባቱ አይቀርም። እነዚህ መኪኖች ደግሞ ሆዳቸው ለመሬት ቅርብ ነው፤ ካልተነሱ መግቢያ የለም። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ ይመጣል። በምን እናንሳት? ካነሳናትስ በኋላ ምን ይሸከማት? ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ይመልስና ሁለተኛውን ይዘነጋል። ሕይወት የሚጠፋው ግን በሁለተኛው ነው።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንዲት መኪና ልምረጥ፤ ኤምጂቢን። እንግሊዝ አገር፣ ኦክስፎርድ አቅራቢያ በምትገኘው አቢንግደን እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 ተሠርታለች። ጣሪያዋ የሚገለጠውና ጂቲ የተባለችው ባለጣሪያዋ ሲደመሩ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ ብዙዎቹም ወደ አሜሪካ ተጭነዋል። ዛሬም በሁለቱም አገሮች በየቤቱ ጋራዥ ውስጥ አለች። ክብደቷ አንድ ቶን ገደማ ነው። ለመኪና ይህ ቀላል ነው፤ ለሰው ደረት ግን ሩቡም ይበዛል።

ከእሷ በፊት የነበረችው ኤምጂኤ ራሱን የቻለ ሻንሲ ነበራት። ኤምጂቢ ግን የላትም። ላሜራው ራሱ ተጣጥፎና ተበይዶ አጥንት ሆኗል። የምትገለጠዋ መኪና የብረት ጣሪያ ስለሌላት፣ ፊቷንና ኋላዋን አስተሳስሮ ከሚይዙት ዋናው ከበሮቿ ሥር የተዘረጋው ደፍ ነው። ይህ ደፍ ከተደራረበ ላሜራ የተሠራ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ሣጥን ነው። ውሃና ጭቃ ሲገባበት ዝገቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ከላይ ቀለሙ ያብረቀርቃል፤ ከውስጥ ብረቱ አልቋል። ክሪክ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሲያርፍ ላሜራው ይሰረጉዳል፣ ሲብስም ይበሳል፤ መኪናዋም ትወርዳለች።

ስለዚህ ከማንሳት በፊት መመርመር ይቀድማል። ደፉን በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርጋችሁ አዳምጡ። ጤነኛ ብረት ጠንከር ያለ ድምፅ አለው፤ የበሰበሰው የደነዘዘ ነው። መኪናዋ ጥቂት ከፍ እንዳለችም በሩን ከፍታችሁ ዝጉት። በበሩና በአካሉ መካከል ያለው ክፍተት ከተለወጠ፣ ወይም በሩ አልዘጋ ካለ፣ አጥንቷ እየተጣመመ ነውና ቀስ ብላችሁ አውርዷት። ከዚያ ወዲያ ጉዳዩ የብየዳ ባለሙያ ነው።

ጤነኛ ከሆነች ማንሻ ቦታዋ የታወቀ ነው። ከፊት፣ ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘው ወፍራም ተሻጋሪ ብረት፤ ከኋላ፣ ዲፈረንሻሉን የያዘው አክስል። የሞተር ዘይት መያዣው፣ የወለሉ ላሜራና የነዳጅ ታንኩ ፈጽሞ አይሆኑም። ይህን ለሁሉም መኪና አትውሰዱት። በዚያው በ1962፣ በዚያው በእንግሊዝ አገር ሎተስ ኤላን ወጥታለች። የእሷ አካል ፋይበር ግላስ ነው፤ የሚሸከማትም በመሃሏ ከፊት እስከ ኋላ የሚያልፍ የብረት አከርካሪ ነው። ባገኛችሁት ጠርዝ ሥር ክሪክ ብታስገቡ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በመኪናዋ ስምና በተሠራችበት ዓመት የተጻፈውን የጥገና መጽሐፍ ሳታዩ ክሪክ አትንኩ።

አሁን ክሪኩን ራሱን እንወቀው። ሪቻርድ ዳጅን የተባለ የኒውዮርክ መካኒክ እ.ኤ.አ. በ1851 በተንቀሳቃሽ የሃይድሮሊክ ክሪክ የፈጠራ መብት አግኝቷል። ዛሬ በእጃችን ያለውም በዚያው ሕግ ይሠራል። በተዘጋ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት በሁሉም በኩል እኩል ይደርሳል። ትንሹን ፒስተን በእጃችን እንገፋለን፤ የትልቁ ስፋት የትንሹን 50 እጥፍ ከሆነ ኃይሉም 50 እጥፍ ይሆናል። በአንድ እጅ መኪና የምናነሳው በዚህ ነው። ታዲያ ያን ሁሉ ክብደት ከፍ እንዳለ ያቆየው ምንድን ነው? ዘይቱ እንዳያመልጥ የዘጋች ቀለበትና አንዲት ትንሽ ቫልቭ ናቸው። ቀለበቷ ካረጀች ወይም ቫልቯ ከላላች መኪናዋ ትወርዳለች፤ አንዳንዴ ቀስ ብላ፣ አንዳንዴ በድንገት። ለዚህ ነው ክሪክ ማንሻ እንጂ መሸከሚያ አይደለም የምለው። በክሪክ ብቻ ከቆመች መኪና ሥር እጃችሁንም ቢሆን አታስገቡ።

ቀጥሎ መሬቱ ነው። ደልዳላና ጠንካራ ሲሚንቶ ይሁን። ፀሐይ ያሞቀው አስፋልት በኋላ መኪናዋን የሚሸከመውን የብረት ድጋፍ እግር ስለሚያሰምጥ ከሥሩ ወፍራም ጣውላ ይነጠፍ። አፈርና ጠጠር ላይ አታንሱ፤ ምክንያቱም አለው። ባለጎማው የጋራዥ ክሪክ ክንዱ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ቅስት እየሠራ ነው የሚነሳው። መኪናዋ ከፍ ባለች ቁጥር ክሪኩ ከሥሯ ጥቂት መንከባለል አለበት። አፈር ወይም ጠጠር ጎማዎቹን ከያዘበት ጫፉ ከማንሻው ቦታ ይንሸራተታል።

የእጅ ፍሬን ስቤያለሁ ብላችሁም አትዘናጉ። የኤምጂቢ የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። ኋላዋን ካነሳችሁ መሬት ላይ የቀሩት የፊቶቹ ናቸው፤ እነሱን የያዘ ምንም የለም። ማርሽ አስገብቻለሁ ማለትም አያዋጣም። አንድ የኋላ ጎማ ብቻ ከመሬት ሲለቅ ዲፈረንሻሉ ያን ጎማ ወደ አንድ፣ መሬት የያዘውን ወደ ሌላ አቅጣጫ እንዲዞሩ ይፈቅዳል። ሞተሩ ማርሹን ይዞ እያለ መኪናዋ ትንከባለላለች። መፍትሔው የጭነት መኪና ረዳቶቻችን ዳገት ላይ ከጎማ ሥር የሚሸጉጡት ታኮ ነው። መሬት ላይ ለሚቀሩት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ ይደረግ። የጎማ ብሎን የምትፈቱ ከሆነም መኪናዋ ሳትነሳ አላሉት።

ከተነሳች በኋላ ክብደቱን የሚረከበው የብረት ድጋፍ ነው። ቢያንስ ሁለት ይሁኑ፤ በጤነኛ ብረት ሥር፣ በእኩል ከፍታ ይቀመጡ። ኋላዋ ሲነሳ ከአክስሉ በታች፣ ወደ ባሌስትራዎቹ ጠጋ ብሎ ያለው ቦታ ጥሩ ነው። መቆለፊያቸው መግባቱን በዓይናችሁ እዩ። ከዚያ ክሪኩን ቀስ አድርጋችሁ ልቀቁና ክብደቱ ሙሉ በሙሉ ድጋፉ ላይ ይረፍ። ክሪኩ መኪናዋን በስሱ ነክቶ እዚያው ይቆይ፤ የተፈታ ጎማ ካለም ተጋድሞ ከሥሯ ይግባ። ሳትገቡ በፊት መኪናዋን በእጃችሁ ገፋ ገፋ አድርጓት። መናድ ካለባት እናንተ ውጭ ቆማችሁ ሳለ ትናድ።

በድጋፍ ፈንታ ብሎኬት የሚያቆሙ አሉ። እባካችሁ፣ ተዉ። ብሎኬት ለግድግዳ የተሠራ ነው፤ ግድግዳ ክብደቱን በሙሉ ስፋቱ ያሳርፍበታል። የመኪና አጥንት ግን በአንዲት ጠባብ ነጥብ ይጫነዋል። ብሎኬት ሳይሰነጠቅ፣ ሳያስጠነቅቅ ድንገት ሊፈራርስ ይችላል። የተገዛ ድጋፍም ቢሆን ይፈተሽ። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ የብረት ድጋፎች ከገበያ እንዲሰበሰቡ ተደርጓል፤ ጥርሶቻቸው በትክክል ስለማይነክሱ ከጭነት በታች ሊወርዱ ይችሉ ነበር። ክሪኩና የተፈታው ጎማ ሁለተኛ ዘብ ሆነው ከሥሯ የሚቆዩት ለዚህ ነው።

አድማጮቼ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ከመኪና ሥር ግን ካፈሰሱ በኋላ መልቀም የለም። ብቻችሁን በምትሠሩበት ቀን ከሥር አትግቡ፤ ቢያንስ ድምፃችሁን የሚሰማ ሰው ቤት ይኑር። ልጆች አካባቢው ላይ አይጫወቱ። ከሥር ሆናችሁ ግትር ብሎን በረጅም ቁልፍ በኃይል አትሳቡ፤ ያ ጉልበት መኪናዋን ወደ ጎን ይገፋታል። ድጋፍ መግዣ የጠፋበት ወር ከሆነም የዘይት ቅየራው ለሚቀጥለው ወር ይተላለፍ። መኪናዋ ከ40 ዓመት በላይ ቆይታለች፤ አንድ ወር ትታገሣለች።